ድኩላ የሌለበት ፎቶ

ፎቶ አንሺ አይደለሁም። የምኖረው እንጅባራ ዳር፣ ወደ ዘንገና ሐይቅ የሚወስደው መንገድ ከተማውን ሊሰናበት ሲል ነው። ሥራዬ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአካባቢ ሳይንስ ማስተማር ነው። ለዓመታት የዱር እንስሳትን ከመጽሐፍ ሥዕል ላይ በጣቴ እያሳየሁ አስተምሬአለሁ። የመጽሐፉ ድኩላና የመጽሐፉ ፍየል አንድ ዓይነት ስለሆኑ ተማሪዎቼ የሚለዩአቸው ከሥር በተጻፈው ስም ነው። እውነተኛ ድኩላ ጓሮዬ እስኪመጣ ድረስ እኔም ከእነሱ እምብዛም አልሻልም ነበር።

ወደ ፎቶ የከተተኝ ጃርት ነው። በትክክል ለመናገር ጃርትና አንድ ቢሮ ናቸው። ጃርቱ ድንቼን በላ፤ ቢሮው ደግሞ ማስረጃ አምጪ አለኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ከቤቴ ጀርባ በጉድጓድ ውኃ የማጠጣት ትንሽ የድንች መደብ አለችኝ። ከእሷ ቀጥሎ አባቴ በእጃቸው የተከሉት የዲከረንስ ተክል ነበር። አገራችንን ለማያውቅ ሰው ዲከረንስ ዛፍ ይመስለዋል እንጂ እህል ነው። ችግኙ ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ይገባል። ጤፉ ታጭዶ ችግኙ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት በመሐሉ የበቀለው ሣር ለከብት ይታጨዳል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ፣ ተከምሮ፣ አፈር ለብሶ ይጨስና ከሰል ሆኖ በመኪና ወደ መሐል አገር ይሄዳል። ከዚያ መሬቱ ይታረስና እንደገና ጤፍና ችግኝ ነው። የእኛ አገር ገበሬ እንዲህ ያለ ጫካ ሲያይ የሚታየው የደረሰ አዝመራ ነው። አውሬው ግን ይህን ማን ነግሮት? ዛፉ ቁመት ሲያወጣ የዘላለም ርስት የተሰጠው መስሎት ቤተሰቡን ይዞ ይገባል።

አባቴ ተክሉን ያቆሙት ለአንድ ጉዳይ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ግምጃ ቤት ከሚባለው ቦታ በኩል ካለው ገጠር አምጥቼ ከእኔ ጋር አኖርኳቸው፤ ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው ስለሌለ ቦታ ሞልቷል። ሲመጡ የያዙት አንድ ጋቢ፣ አንድ ዱላና አንድ አሳብ ነው። አሳባቸው የቁም ተዝካር ነበር። ሰው ከሞተ በኋላ የሚደገስለትን ተዝካር በሕይወት እያለ፣ ቁጭ ብሎ እያየ፣ ራሱ ለራሱ ያወጣል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ይህን የሚያደርገው ወይ ወራሽ የሌለው ነው፣ ወይ ወራሹን የማያምን ነው። አባቴ ወራሽ አላቸው፤ እኔ ብቸኛ ልጃቸው ነኝ። እንግዲህ የትኛው ምክንያት እንደሚቀር ማንም ያውቀዋል።

«አባባ፣ እኔ አላወጣልዎትም ብለው ነው?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«ታወጪ ይሆናል» አሉ። «ግን የከተማ ሰው ነሽ። በለስላሳና በብስኩት ታወጪዋለሽ።»

የድግሱ ወጪ ከከሰሉ ዋጋ ስለሆነ በየጊዜው ተክሉ ውስጥ ገብተው ግንዱን በመዳፋቸው እየመቱ ይወጣሉ። ይሄኛው በሬው ነው፣ ያኛው ረድፍ ጠላው ነው፣ ዳር ዳሩ የቀሳውስቱ ነው ይሉኛል። የብዙ ሰው ተክል በሽታ ገብቶበት ሲደርቅ የእኛን ማለፉን እግዜር ለድግሳቸው እንደፈቀደ ቆጠሩት። ጃርቱ በመጣበት ዓመት ተክሉ ደረሰ። «እኔ ሳልደርስ እሱ ቀደመኝ» እያሉ ይስቃሉ። አባቴ ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል፤ ሲስቁ ሳል ይከተላቸዋል።

ጃርቱ የገባው ከጥምቀት በኋላ ነው። አንድ ጠዋት ስወጣ መደቤ ታርሶ ጠበቀኝ። ያውም እንደ ባለሙያ ገበሬ ትልልቁን እየመረጠ፣ ትንንሹን ለእኔ ትቶ። በንዴት የወደቀ የጃርት እሾህ አንስቼ፣ ባጃጅ ይዤ፣ የዱር እንስሳትን ነገር ይመለከተዋል ወደተባልኩት ቢሮ ሄድኩ። የቢሮውን ስም አልጠራም፤ ስሙ ረጅም ነው፣ ቶሎ ቶሎም ይለወጣል። የተቀበለኝ ባለሙያ ትሑት ወጣት ነው። ወንበር አቀረበልኝ፣ እሾሁን ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

«ቲቸር፣ ይሄ ጃርት እንደነበረ ያሳያል» አለ። «ድንች መብላቱን ግን አያሳይም። ፎቶ ቢኖር ጥሩ ነው።»

«ሲበላ?»

«ሲበላ። ቢቻል ፊቱ ይታይ።»

ጃርት የሌሊት ሠራተኛ መሆኑን አስረዳሁት። እሱም የቢሮው ሥራ በማስረጃ እንደሆነ አስረዳኝ። ተመሰጋግነን ተለያየን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎህ ሲቀድ ስልኬን ይዤ መደቡ ዳር መቆም ያዝኩ። የእንጅባራን የጠዋት ብርድ የሚያውቅ ይፍረደኝ። ያነሳኋቸው የመጀመሪያ ፎቶዎች ጉም፣ የራሴ ጣት፣ ደግሞ ጉም ናቸው። አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ በቀዳዳ እያየች «አንቺ፣ ድንቹን ነው ጉሙን ነው የምትጠብቂው?» ትለኛለች። አባቴ ደግሞ ከደጃፍ ላይ በአዊኛ ያጉተመትማሉ። በአማርኛ ልጻፈው ብል ለስድብ እንጂ ለመጽሐፍ አይሆንም።

በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው ጠዋት ጉሙ ትንሽ ገለል ሲል ድኩላው ቆሞ አየሁት። ወንድ ነው። ቀንዱ ጥምዝ ብሎ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ቀይ ቡናማ ጎኑ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለበት። በመደቤ ዳር የዘራሁትን ባቄላ ጫፍ ጫፉን እየቀነጠበ ያኝካል። ቀና ብሎ አየኝ፤ መንጋጋው ግን ሥራውን አላቋረጠም። እኔ ደግሞ ጃርቱንም፣ ድንቹንም፣ ቢሮውንም ረሳሁ። ከመጽሐፍ ላይ ሳሳየው የኖርኩት እንስሳ ይህን ያህል ቆንጆ መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ብርዱ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ስልኬን ቀና አድርጌ አነሳሁት። እግዜር ሲፈልግ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ድኩላው፣ ከኋላው የአባቴ ዲከረንስ፣ በመሐሉ ጭስ የመሰለ ጉም።

ፎቶውን በቴሌግራም ለባለሙያው ላክሁት። ሥሩ ላይ «ይኸው ማስረጃ፤ ፊቱም ይታያል። ጃርት ባይሆንም በዪ መሆኑ ተረጋግጧል» ብዬ ጻፍኩ።

ስለ ባቄላው መልስ አልመጣም። በማግሥቱ ግን ፎቶዬ በቢሮው የፌስቡክ ገጽ ላይ ወጥቶ አገኘሁት። «በአንዲት ተፈጥሮ ወዳድ መምህርት ጓሮ የሚገኝ ደን ውስጥ ድኩላ በሰላም ሲኖር» ይላል። በሰላም መኖሩንማ ማን ይክዳል፤ ባቄላዬ ከነቅጠሉ አፉ ውስጥ ይታያል። ሰዉ ላይክና ሼር አደረገው። ምስጋናውና ምርቃቱ ጎረፈ። አንዱ ብቻ ከልቡ «ጥብሱ ደስ ይላል» ብሎ ጻፈ፤ ወዲያው አጠፉበት።

ለአቤቱታ ሄጄ ሰርተፍኬት ይዤ ተመለስኩ። የቢሮው ኃላፊ ራሱ ጨበጠኝ፤ እንዳንቺ ያለ ዜጋ ቢበዛ አለኝ። ድንቼን በተመለከተ ለመናገር አፌን ስከፍት አጨበጨቡ። ቤት ስደርስ አባቴ ሰርተፍኬቱን አገላብጠው አዩና «ይሄ ይበላል?» አሉ። አይበላም አልኳቸው። «እንግዲያው ለድኩላው ስጪው፤ እሱ ሁሉን ይበላል» ብለው ወደ ምድጃቸው ዞሩ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ያስቃል፤ እኔም ለጎረቤቴ እያስመሰልኩ ስነግራት አብረን ስቀናል። ሳቁ የቆመው የመቁረጫ ፈቃድ ልጠይቅ የሄድኩ ቀን ነው። ዲከረንስ ለመቁረጥ ፈቃድ ማውጣት ወግ ነው፤ ሁልጊዜ ይሰጣል። ጎረቤቶቼ ሁሉ ወስደዋል። ባለሙያው ስሜን ሲያይ ግን ብዕሩን አስቀመጠ።

«ቲቸር፣ የእርስዎ እኮ ደን ነው።»

«ዲከረንስ ነው። ለከሰል የተተከለ።»

«ድኩላው ታዲያ የት ይሂድ?»

«ገብስ ውስጥ ቆቅ እንቁላል ጣለች ተብሎ ገብሱ ሳይታጨድ ይቀራል?»

«ገብስ ደን አይደለም።»

«ይሄስ መቼ ደን ሆነ?»

ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞረና የገዛ ፎቶዬን አሳየኝ። «ይኸው» አለ፤ «በፎቶው ላይ ደን ነው።»

ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። እሱም ድኩላውን ለበላይ አካል በሪፖርት እንዳሳወቁ፣ የተነገረ ድኩላ ደግሞ ተመልሶ የለም እንደማይባል በትዕግሥት አስረዳኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይህን የተናገረ ሰው ሞኝ ወረቀት ሲይዝ ምን እንደሚሆን አላየም።

ለአባቴ መንገር ነበረብኝ። እራት ላይ ነገርኳቸው። ጉርሻቸውን ከአፋቸው መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት።

«ተዝካሬን ለድኩላ አበላሽው?» አሉ።

ይህን በቁጣ ቢሉት መልስ አላጣም ነበር። የተናገሩት ግን እንደ ጥያቄ ነው፤ አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ፊቴን አዩ። ድግሱ ከፋሲካ በኋላ፣ ክረምት ሳይገባ እንዲሆን ቆርጠው ነበር። ዝናብ ከገባ ከሰል አይከሰልም፤ የዘንድሮው ካለፈ ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው። «ድኩላው ይጠብቅ ይሆናል» አሉ በመጨረሻ፤ «እኔ ግን አልጠብቅም።» ያን ሌሊት ሳላቸውን ከግድግዳው ማዶ ስሰማ፣ ኃላፊውን በሕይወቴ ጠልቼ የማላውቀውን ያህል ጠላሁት።

የሰፈሩ ሰው ፈቃዱን ይዞ መቁረጥ ጀመረ። ከግራም ከቀኝም ምሳር ተሰማ፤ የከሰሉ ክምር መጨስ ጀመረ። ከዚያ የሆነውን ማንኛውም የሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ ቀድሞ ይነግራችኋል፤ ቤቱ የፈረሰበት አውሬ ሁሉ ሳይፈርስ ወደቀረው ቤት ገባ። ሚዳቋ መጣች። ጦጣዎች መንጋቸውን ይዘው መጡ። ጃርቱ ዘመዶቹን ጠራ። ሁለት ሴት ድኩሎች ተጨመሩ፤ ወንዱ ድኩላ ከዚያ በኋላ ባቄላውን ትቶ ወደ ጎመኔ ተሻገረ። ድንች የሚባል ነገር መደቤ ላይ አልቀረም። ጎረቤቴ «አንቺ እኮ የቀበሌ ሊቀመንበር ሆነሻል፤ የሚመጣውን ሁሉ ትመዘግቢያለሽ» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ እመዘግብ ነበር። ጉዳቱ እየባሰ መሆኑን ለማስረዳት ያየሁትን ሁሉ እያነሳሁ ወደ ቢሮው ላክሁ። ጦጣዋ በቆሎ እሸት ታቅፋ ስትሮጥ ላክሁ። እነሱም አወጡት። «የእንስሳቱ ቁጥር በአስደሳች ሁኔታ ጨመረ» ይላል። ኃላፊው እንግዶች ይዞ መጣ። ጎመኑን እየረገጡ ጀርባቸውን ለዛፉ ሰጥተው ፎቶ ተነሡ፤ ድኩላውን ለማየት የዞረ ሰው አልነበረም። አንዷ ጦጣ የአንዱን እንግዳ ኮፍያ ከራሱ ላይ ነጥቃ ዛፍ ላይ ስትወጣ፣ አባቴ ከሞላ ጎደል በወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ከዚያ አሳላቸው።

ባለሙያው ግን ክፉ ሰው አልነበረም። እንግዶቹ ወደ መኪናቸው ሲመለሱ ወደ ኋላ ቀርቶ የአባቴን ነገር ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። አያቱም የቁም ተዝካር አውጥተው እንደነበር ነገረኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንድ መንገድ አለ» አለ። «እንስሳቱ ቦታውን ለቀው ሄደዋል የሚል ማስረጃ ካመጡ ፈቃዱን እኔ አስፈርማለሁ።»

«የሌለ ነገር እንዴት ነው ማስረጃ የሚሆነው?»

«ከአራቱም አቅጣጫ ያንሱት። አንድም እንስሳ እንዳይታይ።»

ይህ ቀላል መስሎኝ ነበር። ባዶ ጫካ ማንሳት የማን ጀግንነት ነው? ለወራት ጎህ ሲቀድ ቆሜ ስለምነው ጅራቱን አሳይቶኝ የሚሮጠው ድኩላ፣ አሁን ሂድ ስለው እግሩን አስተካክሎ ይቆማል። በምሥራቅ በኩል ሳነሳ ጆሮው ይገባል። በምዕራብ ስዞር ቀንዱ ይወጣል። ዛፉን ብቻ ልያዝ ብዬ ወደ ላይ ስልክ ሳቀና ጦጣ ልጇን ታጠባለች። አንድ ጠዋት ትዕግሥቴ አልቆ «ውጣ! ሂድልኝ! ምን አደረግሁህ?» ብዬ ጮህኩበት። ድኩላው ጆሮውን አቁሞ በአክብሮት አዳመጠኝ።

አባቴ በዱላ ተደግፈው ከኋላዬ ደረሱ። «አማርኛ አያውቅም» አሉ፤ «የዚህ አገር ድኩላ ነው።» ከዚያ ራሳቸው በአዊኛ ረገሙት። ድኩላው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። አባቴ በዚህ ኩራት ተሰምቷቸው ቀኑን ሙሉ ጥሩ ፊት አሳዩኝ።

ጎረቤቴ ውሻዋን አውሺኝ ሳልላት ሰጠችኝ። ውሻው ገባ፣ ጮኸ፣ አውሬው ሁሉ ተበተነ። ቶሎ ብዬ አነሳሁና ላክሁት። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ገጹን ስከፍት የጎረቤቴ ውሻ በዛፎቹ መሐል ቆሟል። «ደኑ አሁን ደግሞ ቀበሮ አፈራ» ይላል ጽሑፉ። ባለሙያውን ደውዬ ስጮህበት ያወጣው ኃላፊው ራሱ መሆኑን፣ ኃላፊው ያወጣውን ቀበሮ ደግሞ ውሻ ነው ለማለት እሱ ደረጃው እንደማይፈቅድለት ነገረኝ። የጎረቤቴ ውሻ ከድኩላው የበለጠ ላይክ አገኘ። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሻዋን በሰንሰለት አታስርም፤ ቀበሮ አይታሰርም ትላለች።

ፋሲካ አለፈ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ማጉረምረም ጀመረ። አባቴ ስለ ተዝካራቸው ማውራት አቆሙ፤ ይህ ከማንኛውም ወቀሳ ይልቅ ያመኝ ነበር። ግንዱን እየመቱ መዞራቸውም ቀረ። እኔ በየጠዋቱ እወጣለሁ፣ አነሳለሁ፣ ጆሮ ወይ ጅራት አገኛለሁ፣ አጠፋለሁ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ወጣሁና ምንም የለም። ጆሮዬን ብጥል ቅጠል የሚነካ የለም። በምሥራቅ አነሳሁ፤ ባዶ። በምዕራብ፣ በሰሜን፣ በደቡብ፤ ባዶ። ጉሙ እንኳ ቀለል ብሎልኝ ነበር። ለማን ምስጋና እንደምሰጥ ሳላውቅ ሦስት ጊዜ አማትቤ፣ ፊቴን ሳልታጠብ፣ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ባለሙያው ቢሮውን ሲከፍት በሩ ላይ አገኘኝ።

ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒዩተሩ አሳልፎ አንድ በአንድ አሰፋቸው። ሦስቱን አለፈ። አራተኛው ላይ ቆመ። ግንዶቹ በሚበዙበት መሐል፣ መሬት ላይ፣ አንድ ነጭ ነገር አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

እያሰፋ ሄደ። ነጩ ነገር ጋቢ ሆነ። ከጋቢው በላይ ራስ፣ ከጎኑ ዱላ። ግንድ ተደግፎ መሬት ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው።

«አባቴ ናቸው» አልኩ።

«ምን እየሠሩ ነው?»

አላውቅም ነበር። ተኝተው መስለውኝ በራቸውን ሳላንኳኳ ነው የወጣሁት። ባለሙያው ጥቂት ጊዜ ፎቶውን አየና ወደ መጀመሪያው መጠኑ መለሰው። «አንድም አውሬ አልታየም» ብሎ ጻፈ፤ አስፈረመ፤ ማኅተም አስመታ። ወረቀቱን ሲሰጠኝ «ቶሎ ቤት ይሂዱ» አለኝ።

ስደርስ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ይንቀጠቀጣሉ። ጋቢው በጤዛ ርሶ ቢጨመቅ ውኃ ይወጣዋል። ገና ጨለማ ሳለ ገብተው፣ ቦታ እየቀየሩ ሲያስሉ ነው የነጋላቸው። አውሬ የሰው ጠረን ይሸሻል፣ ሳል ደግሞ ከጠረን ይብሳል አሉኝ። ድኩላው ብዙ ታግሷቸው ነበር፤ በመጨረሻ ጥሏቸው ሄደ።

«ለምን አልነገሩኝም?» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ብነግርሽ ፎቶ ታነሺኝ ነበር» አሉ።

በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ጣላቸው። ሳንባቸው እንደሆነ ጤና ጣቢያ ነገሩኝ። ምሳሩ ከጓሮ እየተሰማ፣ ዛፉ እየወደቀ፣ ክምሩ እየጨሰ እኔ አልጋቸው ሥር ነበርኩ። ያን ያህል የለመንኩት ወረቀት ኪሴ ውስጥ ተጨማድዷል። ፈራሁ። ጠላ የሚጠምቁት ሴቶች ጌሾ ሊጠይቁኝ ሲመጡ አንዷ «ለቁሙ ነው ወይስ…» ብላ ጀምራ ቃሏን ዋጠችው። አባቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ለቁሙ ነው!» አሉ። ድምፃቸው ደካማ ነበር፤ ግን ቁጣው ሙሉ ነው። ያኔ እንደሚተርፉ አወቅሁ።

ድግሱ ሰኔ ሳይገባ ወጣ። አባቴ አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ትራስ ተደግፈው ዳሱ ራስጌ ተቀመጡ። ቀሳውስቱ ጸሎቱን አደረሱ። ነዳያን በሉ፣ መረቁ። ዘመድ ከገጠር በጋሪና በፈረስ መጣ። አባቴ በመሐል ወጡ ጨው አንሶታል ብለው ለራሳቸው ተዝካር ጨው አስጨመሩ። አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ የሟችን ደግነት እንደሚናገር ሰው ሲያወድሳቸው «ቁጭ በል፤ በድንበር ጉዳይ ሦስት ዓመት አላነጋገርከኝም» አሉት፤ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። የቢሮው ኃላፊም ሳይጠራ መጣ። ተፈጥሮን ስለመጠበቅ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ፤ ከዚያ ተፈጥሮ ተቆርጣ የገዛችውን በሬ ሁለት ሳህን በላ። ሲወጣ እጄን ጨብጦ ስለ ቀበሮው ደኅንነት ጠየቀኝ። ደኅና ነው፣ ዳሱ ሥር አጥንት እየቆረጠመ ነው አልኩት። አሳየሁትም። የቤት ውሻም አብሮ ይኖራል ማለት ነው ብሎ ተደነቀ።

ማታ ሰዉ ሲሄድ አባቴ እግራቸውን ሳጥባቸው «በቃ፣ ተለቀስልኝ፣ ተበላልኝ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ያለው ትርፍ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ጓሮዬ ሜዳ ሆነ። ጉቶና ጥቁር የአመድ ክብ ብቻ። ድንቼ አደገ፣ ባቄላዬም ጫፉ አልተቀነጠበም፤ ለወራት የጮህኩለት ነገር ሁሉ ተሟላልኝ። ያም ሆኖ ጎህ ሲቀድ ዓይኔ በራሱ ይከፈታል። ደጅ ወጥቼ ድኩላው የቆመበትን ቦታ አያለሁ። ናፈቀኝ። ይህን ለጎረቤቴ ብነግራት ዕድሜ ልኳን ትስቅብኛለች።

የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን አለስልሶ በሬ ባረሰው ሰሞን፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ማሳው መሐል ጎንበስ ብለው አገኘኋቸው። አጠገባቸው በጆንያ የዲከረንስ ችግኝ አለ። ዱላቸውን መሬት እየወጉ፣ እያረፉ፣ እያሳሉ ይተክላሉ። ያ ችግኝ ደርሶ ሲቆረጥ ዘጠናን ይጠጋሉ።

«አባባ፣ ይተዉት እንጂ» አልኩ። «ተዝካርዎ ወጥቶልዎታል። ይሄ ደግሞ ለማን ነው?»

ቀና አላሉም።

«ላንቺ» አሉ። «እኔስ አንቺ ነበርሽኝ። አንቺ ማን አለሽ?»

አባቴ ከጆንያው አንድ ችግኝ መዝዘው፣ የሥሩን አፈር እንዳይራገፍ በሁለት እጃቸው ደግፈው ዘረጉልኝ። ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ተቀበልኳቸው። እሳቸው በዱላቸው ጉድጓዱን ወጉልኝ፤ እኔ ተከልኩ።